በየቀኑ የሚነዳው ቆርቆሮ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2007። ጠዋት 12፡10

ጀመረ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ማንኪያ ማንም ሳይነካው ይንጫጫል። አራተኛ ፎቅ ነን፣ አስቢው። ባሌ ጌ. ከታች ቆርቆሮውን እያሞቀ ነው። ሰባት ደቂቃ ይፈጅበታል። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ መስኮቷን ከፍታ አየችው፣ ዘጋችው። ስዊድናዊት ናት፣ አትሳደብም። እኔ አንቺን የመሰለች ደብተር ባትኖረኝ መስኮት ላይ ወጥቼ ነበር የምሳደበው።

የመኪናውን ስም እዚህ አልጽፍም። ባሌ ጌታቸው ስሙን ሲጠራ ከረሜላ የጎረሰ ይመስላል። እኔ ቆርቆሮው እለዋለሁ። የ1969 ስሪት፣ የአሜሪካ፣ ሁለት በር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ቀለሙ ብርቱካን። አፍንጫው የኛን ሳሎን ያህላል፣ ከኋላ ግን ሁለት ሰው በወጉ አይቀመጥበትም። በጁን ደኅናዋን ግራጫ የቤተሰብ መኪናችንን ሸጦ ነው ያመጣው። ለሚሌኒየሙ ነው አለኝ። አዲሱን ሺህ ዓመት በአሮጌ መኪና ተቀበልነው።

እሱስ ይሁን። አሮጌ መኪና የሚወዱ ፈረንጆች እንኳ በበጋ እሑድ እሑድ ያወጡታል፣ ክረምት ሲገባ ጨርቅ አልብሰው ያስተኙታል። የኛ ሰውዬ ግን በየቀኑ። ለሥራ። መኪና የተሠራው ሊነዳ ነው ይላል። ሥራውን ደግሞ ታውቂዋለሽ፦ መሃል ከተማ፣ ሶደርማልም፣ የምድር ባቡሩ፣ የቱነልባናው ጣቢያ መግቢያ ላይ፣ መስታወት ቤት ተቀምጦ ቲኬት ይቆጣጠራል። ባቡር በነጻ ይሳፈራል። ከቤታችን እስከ ሃሉንዳ ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ባቡሩ ወስዶ ወንበሩ ላይ ሊያስቀምጠው ምንም አይቀረው። እሱ በቆርቆሮ ይሄዳል።

ሄደ። ማንኪያው ዝም አለ።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 18። ከሰዓት 9፡30፣ አውቶቡስ ውስጥ

ጽሑፌ የተንጋደደው በመንገዱ ነው። ትንሽ በደስታም ነው።

ሊና ጠርታ አስቀመጠችኝ። ሊና የሄምሸንስት አለቃዬ ናት፤ አቅም ያነሳቸውን አዛውንቶች በየቤታቸው እየዞርን የምንረዳበት ሥራ ነው። ስድስት ዓመት ተተኪ ሆኜ ሠራሁ። ጠዋት ስልክ ከተደወለ እሮጣለሁ፣ ካልተደወለ ቤቴን እጠርጋለሁ። አሁን ቋሚ ቦታ ተከፍቷል፣ ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ። ግን ከቱምባ ወዲያ ገጠር ነው፣ ቤቶቹ የተራራቁ፣ በማለዳ አውቶቡስ የማይደርስበት። መንጃ ፈቃድ ግድ ነው። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው አለችኝ። ካላመጣሽ ፈቃድ ላለው እሰጠዋለሁ። ጥሩ ሴት ናት፣ አላባበለችኝም።

ስድስት ዓመት! ቋሚ። እረፍቱ የታወቀ፣ የወሩ ደመወዝ የታወቀ። ስልክ ስትጮህ ልቤ አትዘልም።

ያው ቀን፣ ማታ 1፡00

ነገርኩት። እንኳን ደስ ያለሽ አለ፣ አፉን ሞልቶ እየበላ። አስታወስኩት፦ ባለፈው ገና እኔው አሠለጥንሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኝ፣ ሕጉ የሚያዘውን የሦስት ሰዓት ኮርስ አብረን ተቀምጠን፣ ለማጅ መሆኔን የሚናገረውን አረንጓዴ ምልክት እንኳ ገዝተን ነበር። ምልክቱ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከጭልፋው ሥር ተኝቷል። መኪናዋ ግን ተሸጠች።

በቆርቆሮው አስተምረኝ አልኩት። አይሆንም። በሳምንቱ ውስጥ ለሥራ እፈልገዋለሁ። ቅዳሜና እሑድስ? ያርፋል። ብረት ያርፋል! ሦስተኛው መልስ ደግሞ፣ ፍሪሲዮኑ ከባድ ስለሆነ ለአንቺ እግር አይሆንም።

እግሬን አየሁት። መቶ ኪሎ ሽማግሌ ከአልጋ የማነሳው በዚህ እግር ቆሜ ነው።

ልጃችን ማህሌት ከመኝታ ቤቷ ሆና "ፒንሳምት!" አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። አሳፋሪ ማለቷ ነው። ስለ ሁሉም ነገር እንደዚያ ትላለች፤ ዛሬ ግን ትክክል ናት።

እሑድ፣ ኦክቶ. 21። ከሰዓት 8፡00

ከቤ/ክ ተመለስን። ወንዶቹ ቆርቆሮውን የተሳለሙትን ያህል እኔ ቤተ ክርስቲያኑን አልተሳለምኩም። ቅዳሴ እንዳለቀ ወንዶቹ ሁሉ ከበቡት። ኮፈኑን ክፈተው ይሉታል፣ ይከፍተዋል። አጎንብሰው ያያሉ። ምን እንደሚያዩ አንዳቸውም አያውቁም፣ ራሳቸውን ግን ይነቀንቃሉ። እኔና ማህሌት ወደ ኋላ ወንበር ለመግባት ነጠላችንን በጥርሳችን ነክሰን በአራት እግር ስንድህ የረዳን የለም።

አንዱ ጠየቀው፦ በክረምትስ? ጌ. ደረቱን ነፋ። በበረዶም፣ በየቀኑ፣ እስከ ሥራ በር፤ አንድ ቀን ባቡር ስሳፈር ያየኝ ሰው በአደባባይ ይሳቅብኝ አለ። በቤ/ክ ግቢ፣ ቄሱ እየሰሙ።

ጋሽ ተሰማ ብቻ አልሳቁም፣ ራሳቸውንም አልነቀነቁም። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በአሰብ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ቁና ቁና እየተነፈሱ ጎንበስ ብለው ጎማውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ይሄ የበጋ ጎማ ነው ጌታቸው አሉት። እቀይረዋለሁ ጋሼ አለ። አልቀየረውም፣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7። ጠዋት 12፡30

በረዶ ጣለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ነው ያደረው። ሰውዬው አሞቀና ሄደ፣ በበጋ ጎማ። ከመስኮት አየሁት፤ ቂጡ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ እንደ ሰካራም ታጥፎ ጠፋ። የመኪናው ቂጥ።

ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ትንሽ አከበርኩት። ቂል ነው፣ ግን ቃሉን ይጠብቃል አልኩ። ትናንት ማታ ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር ታዘብኩ። ድሮ ካፖርቱ ቤንዚን ይሸት ነበር፣ ከእኛ ልብስ ጋር አላሰቅለውም ነበር። ሰሞኑን ምንም አይሸትም። አፍንጫዬ ለምዶት ይሆናል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 15። ምሳ ሰዓት

የመንጃ ት/ቤት ሦስተኛ ትምህርት። ዳገት ላይ ቆሜ መነሳት አቃተኝ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ፤ ከኋላዬ ያለው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋብኝ። አስተማሪው ፈቃድሽ በኔ ትምህርት ብቻ አይመጣም አለ፣ ቤት ውስጥ መኪና አለ አይደል፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተለማመጂ። አለ አልኩት። ብርቱካን ነው አልኩት። አልገባውም።

ሊና ዛሬም ጠየቀች። እየሄደልኝ ነው ብዬ ዋሸሁ። እኔ ሊናን አልዋሽም ነበር።

ጌ.ን አስተምረኝ ስለው ቅዳሜ ይለኛል። ቅዳሜ ሲደርስ በረዶ ነው ይላል። በየቀኑ በበረዶ የሚነዳ ሰው!

ቆርጫለሁ። ሽማግሌ እልክበታለሁ። አትሳቂ። ለፍቺ ይላካል፣ ለጥል ይላካል፣ ለመኪና ለምን አይላክም?

እሑድ፣ ኖቬ. 18። ከሰዓት 9፡00

ጋሽ ተሰማን ያዝኳቸው። ነገሩን አስረዳሁ። ለመኪና ተብሎ ሽማግሌ ሲላክ ሰምተው አያውቁም፤ ቢሆንም ፊቴን አይተው አልሳቁም። የሚያሳጣሽ እንጀራሽን ነው፣ ያንን የሚያክል ጉዳይ ነው አሉ። ቄሳችንን አባ ገብረ ማርያምንና የቤ/ክ ማኅበሩን ሰብሳቢ ይዘው ቅዳሜ በ9 ሰዓት ይመጣሉ።

ለጌ. እዚያው ደወሉለት። ስለ ምን እንደሆነ አልነገሩትም፤ ሽማግሌ ጉዳዩን በስልክ አያወራም። ስለ ቤትህ ጉዳይ ልናነጋግርህ እንመጣለን፣ ቤት ሁነህ ጠብቀን። ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 22። ጠዋት 2፡00

ሰውዬው ምን ሆነ? ሰኞ ሳህን አጠበ። ማክሰኞ ምንጣፉን በመጥረጊያ ማሽን ጠረገ፣ ከሶፋው ሥር ሳይቀር። ትናንት አበባ ገዝቶ መጣ፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ትዳር አበባ ገዝቶልኝ አያውቅም፣ የት እንደምናስቀምጠው ስላላወቅን ሙዳይ ውስጥ ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት ያየኛል። ልናገር ይላል፣ ይተወዋል። ልክ እንደ ጥፋተኛ።

ለአንድ መኪና እንዲህ ሰው ይበረግጋል? ይበርግግ። ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 24። ምሽት 12፡30

ቆይ፣ በደንብ ልጻፈው። አንዱም አይቅር።

በ9 ሰዓት መጡ። ሦስቱም በረዷቸውን አራግፈው፣ ጫማቸውን በራፍ ላይ አውልቀው፣ በካልሲ ገቡ። ሽማግሌ በካልሲ ሲፈርድ የሚታየው እዚህ አገር ብቻ ነው። ጌ. በገዛ ቤቱ ክራቫት አስሯል። ላቡ ግንባሩ ላይ። ማህሌት በሯን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች።

ጋሽ ተሰማ ጀመሩ። ስለ ትዳር ክብር፣ ስለ ባልና ሚስት መተማመን፣ እንደ ወጉ ከሩቅ። ወደ መኪናው ገና አልደረሱም። "መተማመን" ሲሉ ጌ. ብድግ አለ።

"በማርያም! ሴት የለችም!" አለ።

ሽማግሎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

መለፍለፍ ያዘ። አውቃለሁ አለ፣ ሰው አይቶ ነግሯታል። መኪናዬ በየቀኑ አልቢ፣ ከሕንፃዎቹ ኋላ፣ ሲቆም አይተዋል። እዚያ ሴት አለችው ብለው ነግረዋታል። ለፍቺ ነው የላከቻችሁ። ግን ሴት የለችም፣ በልጄ እምላለሁ። እዚያ አቁሜ በባቡር ነው የምሄደው።

አልቢ ከኛ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ነው፣ ደብተሬ። አንድ ፌርማታ!

አባ ገብረ ማርያም ሳል ጀመራቸው። ጋሽ ተሰማ ቀስ ብለው ከመቼ ጀምሮ ነው አሉት። ከኦክቶበር አጋማሽ። አንድ ጠዋት ሊልየሆልመን ድልድይ አጠገብ በረዶ የሠራ መንገድ ላይ መኪናው ዞረበት፤ ፊቱን ወደ መጣበት አድርጎ ቆመ። ማንንም አልነካም። ግን ፈርቶ ግማሽ ሰዓት እዚያው ተቀመጠ፣ እንደምንም ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአልቢ አልፎ አያውቅም። ሃሉንዳ ጣቢያ ደግሞ እንዳይሳፈር ሐበሻው ሁሉ እዚያ ነው፤ በቤ/ክ ግቢ በሰው ፊት ምሏል። ስለዚህ በየማለዳው ሰባት ደቂቃ አሙቆ፣ ሕንፃውን ቀስቅሶ፣ አምስት ደቂቃ ነድቶ፣ ተደብቆ ባቡር ይሳፈራል። ማታ ደግሞ እያጓራ ይመለሳል።

ካፖርቱ ለምን እንደማይሸት ገባኝ።

መሳቅ ነበረብኝ። ማህሌት በሯን ዘግታ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። መኪናው ለሥራ ያስፈልገኛል ያለኝ ኦክቶበር 18 ነው። ያን ቀን መኪናው አልቢ ቆሞ ነበር። ከዚያም በየቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከቤቴ አንድ ፌርማታ ላይ፣ ሥራ ፈትቶ። እኔ ዳገት ላይ አውቶቡስ ሲጮኽብኝ፣ ሊናን ስዋሽ፣ እሱ ፍሪሲዮኑ ለእግርሽ አይሆንም እያለ! ይኼን ሁሉ ተናገርኩት፣ በሽማግሌ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዚያ አለቀስኩ። ማልቀሴ ይበልጥ አናደደኝ።

ያኔ ነው ለጌ. የመጡበት ጉዳይ የገባው። ፍቺ አለመሆኑን ሲሰማ ፊቱ በራ፣ ወዲያው ኩም አለ። ምስጢሩን በነጻ ነው የለቀቀው። ዝም ቢል ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር።

ሽማግሎቹ ወደ ወጥ ቤት ገብተው መከሩ። ተመልሰው ካሳ ፈረዱ። የቆርቆሮው ቁልፍ ፈተናውን እስካልፍ ድረስ እኔ ዘንድ ይሆናል። ጌ. የክረምት ጎማ ያስገባል። የሚያስተምረኝ ግን እሱ አይደለም፤ ጋሽ ተሰማ ናቸው። እርስዎ? አልኳቸው። ፈቃዴን አልመለስኩም አሉ። የኔ ሸክም ደግሞ፣ የአልቢን ነገር ለማንም አልናገርም። ሰውን አታዋርጂው አሉኝ አባ። እሺ አልኩ። ተነሱ ተሳሳሙ ተባልን። ሳምኩት። ጉንጩ ቀዝቃዛ ነበር።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 8። ከሰዓት 10፡00

ጋሽ ተሰማ ሕጉ የሚያዘውን ኮርስ ተቀምጠው ጨረሱ። ከሃያ ዓመት ልጆች መካከል፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ኮፍያ። የኮርሱ ወጣት አስተማሪ ከዚህ በፊት ነድተው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ አሉ፤ ትንሽ ብዬዋለሁ።

ዛሬ የመጀመሪያው ቀን። አረንጓዴው ምልክት የብርቱካኑ ቂጥ ላይ ተለጠፈ። ጌ. ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ያይ ነበር፤ ምልክቱን ስለጥፍ መጋረጃውን ዘጋ።

ከመግባቴ በፊት ዞሬ አራቱንም ጎማ በእጄ እንድነካ አደረጉኝ። በእግር መምታት አይደለም፣ በመዳፍ፣ ጓንት አውልቆ። አንድ ጠዋት ሎግያ ላይ ሳይነኩ ተነስተው ሁለት ቀን በረሃ ላይ ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ ሳይነኩ አይገቡም። በረዶ ላይ ጎማ መዳሰስ! ጣቶቼ ሞቱ።

አሥራ አንድ ጊዜ አጠፋሁት። ፍሪሲዮኑን መርገጥ ደረጃ እንደ መውጣት ነው፣ በአንድ እግር። መሪው አይታዘዝም። ማሞቂያው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ መስታወቱ በጉም ይሸፈናል፣ ወደ ኋላ ምንም አይታይም። ሰው ይህን ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል? የሠፈሩ ገበያ፣ ሴንትሩሙ ጋ አራት ስዊድኖች፣ የቆዳ ሰደርያ የለበሱ፣ ሆዳቸው የወደቀ፣ አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ። አዝነውልኝ ይሁን ደስ ብሏቸው አላውቅም። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ።

"ልጄ፣ አትቆጪው" ይሉኛል ጋሽ ተሰማ። "ሲቆጡት ያጠፋል። ቀስ አርጊና ልቀቂው፣ እሱ ራሱ ይነግርሻል።"

ጋሼ፣ እኔ እኮ እጠላዋለሁ አልኳቸው። ግድ የለም፣ እኔም የመጀመሪያዋን ተሳቢ እጠላት ነበር አሉ።

ሐሙስ፣ ዲሴ. 20። ምሳ ሰዓት

አንድ፦ የጽሑፍ ፈተናውን በሁለት ጥያቄ ወደቅኩ። ስለ ዱር እንስሳ ነው የጠየቁኝ። በድጋሚ ጃን. 10።

ሁለት፦ የት/ቤቱ መኪና ዛሬ አሻንጉሊት ሆነብኝ። ፍሪሲዮኑን ስረግጠው ወለሉ ድረስ ወረደ፣ ቅቤ ነው። ዳገቱ ላይ ቆሜ ተነሳሁ። አንድ ኢንች አልተንሸራተትኩም። አስተማሪው ምን አድርገሽ ነው አለ። ቤት ውስጥ መኪና አለ አልኩት።

ግራ እግሬ ከቀኙ ወፍሯል። ማህሌት ሜትር አምጥታ ለካችው።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2008፣ ገና። ከሰዓት 10፡30

እንኳን አደረሰሽ። በጣም ተናድጃለሁ።

ወደ በዓሉ ምሳ እኔ ነዳሁ። ጋሽ ተሰማ ጋቢና ከጎኔ፣ ጌ. ከኋላ ወንበር፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ፣ ከማህሌት ጋር ተጣብቆ። ዝቅ ያለ ሰው የት እንደሚቀመጥ አየ። በረዶው ላይ አንዴም ሳልንሸራተት ግቢ ገባሁ፤ ወንዶቹ እንደልማዳቸው ከበቡን። እኔ ከመሪው ስወርድ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ትንሽ ቆሜ ጓንቴን አጠለቅሁ።

ምሳው ላይ አንዱ ጌ.ን ጠየቀው፦ ሚስትህን እንዴት አመንካት በዚያ መኪና? ምን ቢል ጥሩ ነው? አሠለጠንኳት አለ። ከባድ መኪና ላይ የተማረ የትም አይቸገርም ብዬ ነው፣ ሆነ ብዬ ነው፣ እኔ ለጊዜው በባቡር እየሄድኩ ለእሷ ለቀቅኩላት። አጨበጨቡለት። እንዲህ ነው ባል አሉ። ያውም ጋሽ ተሰማ ሦስት ወንበር አልፈው ተቀምጠው!

ጋሽ ተሰማን አየኋቸው። ሥጋቸውን ያኝካሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ አፋቸው ታትሟል። የኔም። አልቢ፣ አልቢ፣ አልቢ እያለ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ዋጥኩት። ይህን ሰው ንቄዋለሁ። ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ እኔም በረዶ ላይ እፈራለሁ። ፍርሃቱን በኔ ድካም ስለሸፈነው ነው።

ማክሰኞ፣ ጃን. 22። ረፋድ 5፡20፣ የፈተናው ጣቢያ ደጃፍ

አለፍኩ።

አለፍኩ አለፍኩ። የጽሑፉንም የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ የአንሸራታች መንገዱን ሥልጠና ዓርብ፣ መንዳቱን አሁን። ፈታኟ ከመነሳታችን በፊት መኪናውን ዞሬ ጎማ በእጄ ስነካ ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። እንዲህ ነው የተማርኩት አልኳት። ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላውቅም።

ሊና ጋ ደወልኩ። ጮኸች፣ ስዊድናዊት ስትጮኽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ጋሽ ተሰማ ጋ ደወልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ።

ረቡዕ፣ ጃን. 23። ምሽት 12፡00

ጌ. እጁን ዘረጋ። ፈተናውን እስክታልፍ ተብሎ ነው የተፈረደው፣ አልፈሻል፣ ቁልፌን። በሕጉ ልክ ነው።

የት ልትነዳው ነው አልኩት። ሥራ አለ። እስከ ሥራ በር? አልኩት። በረዶው ገና ሁለት ወር አለ ጌታቸው፣ እስከ ሥራ በር ነው ወይ? እጁን ዝቅ አደረገ። ኮምፒውተር ላይ የሆነ ነገር እንደሚያይ ሆነ።

ጠዋት ከቱምባ ወዲያ አውቶቡስ እንደሌለ ያውቃል። ሌላ መኪና እንደሌለን ያውቃል። ሌላዋን ማን እንደሸጣትም ያውቃል። ማህሌት በሯ ላይ ቆማ፣ ልጄ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በስዊድንኛ ስትመልስልኝ የኖረችው ልጄ፣ በአማርኛ "አባ፣ ተዋት" አለችው።

ቁልፉ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። መሳቢያ ውስጥ፣ ከጭልፋው ሥር፣ አረንጓዴው ምልክት በነበረበት ቦታ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 1። ጠዋት 12፡05፣ መሪው ላይ ደብተር አስደግፌ

የመጀመሪያው ቀን። 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ አሮጊት ትጠብቀኛለች። አራቱንም ነክቻለሁ፣ ጣቶቼ አይሰሙም፣ ለዚህ ነው ፊደሌ እንዲህ የሆነው። ሞተሩ እየሞቀ ነው። ሕንፃው ይንቀጠቀጣል። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ መስኮቷን ከፈተች፤ እኔ መሆኔን አይታ እጇን አነሳች። እኔም አነሳሁ። ማንኪያዬ ከላይ እየተንጫጫ ይሆናል፣ የምሰማው እኔ ግን እቤት የለሁም።

መቼም አልወደውም። ያጓራል፣ ይሸታል፣ ይበርዳል። ግን በየቀኑ ይነዳል፣ እስከ ሥራ በር፣ በበረዶም። የማለው ሰው ባይነዳው እኔ እነዳዋለሁ።

ትናንት ወስኛለሁ። ቃሌን አላፈርስም፣ አልቢ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ግን ባሌ ነው፣ ብርድ ነው፣ መኪና አለኝ። በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆንም አደርሰዋለሁ። ዛሬም፣ ነገም፣ በየቀኑ። ሃሉንዳ ጣቢያ ዋናው በር ላይ፣ የሠፈሩ ሐበሻ ሁሉ ለሥራ በሚሳፈርበት ሰዓት፣ በዚህ ብርቱካን ቆርቆሮ፣ በዚህ ድምፅ። ደኅና ዋል እለዋለሁ፣ ባቡሩ እንዳያመልጥህ። ስምንቱም ሲሊንደር እየሰሙ።

ዛሬ ማለዳ ስነግረው፣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ አለ። አይሆንም አልኩት፣ እንዲህ ነው ሚስት።

በሩ ተከፈተ። መጣ። ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ድረስ ስቦታል፤ የኋላውን ወንበር አየ፣ ጋቢናውን አየ፣ የትኛው እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነው። ልዝጋሽ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠው።